ጥሬው በሚዛን፣ ብስሉ በእጅ

የእትዬ ሸዋዬን መሞት የሰማሁት አቃቂ በሰቃ ወፍጮ ቤት ተሰልፌ ነው። ወፍጮው ሲጮህ ሰው የሚለው አይሰማም። ባለ ወፍጮው በዱቄት የነጣ ፊቱን ወደ ጆሮዬ አስጠግቶ «ሸዋዬ እኮ አረፉ፤ አልሰማሽም?» አለኝ። አስደገምኩት። ከዚያ ምን አደረግኩ? ምንም አላደረግኩም። ሰልፉን ጥዬ አልወጣሁም። ከጠዋት ጀምሮ የቆምኩበት ሰልፍ ነው፤ እግሬ አብጧል፤ ጤፉን ከገላን ኮንዶሚኒየም በታክሲ ተጋፍቼ ነው ያመጣሁት፤ መልሼ ልሸከመው? ቆምኩ፣ ተራዬ ደረሰ፣ አስፈጨሁ። ዱቄቱን እዚያው አደራ ብዬ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወደ ለቅሶው ሄድኩ። እሳቸው ቢያዩኝ የሚሉኝን አውቀዋለሁ። «ደግ አደረግሽ። እኔ ከእንግዲህ የትም አልሄድ፤ የወፍጮ ተራ ግን ያልፋል» ነበር የሚሉኝ።

እትዬ ሸዋዬን ያወቅኳቸው በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ኩሽና ውስጥ ነው። ለተማሪዎቹ ቁርስና ምሳ የምናበስል ሴቶች ነበርን። እኔ አሁንም እዚያው ነኝ። እሳቸው ከሁላችንም በዕድሜ ይበልጡ ነበር። ቀድሞ እዚሁ አቃቂ ባለ አንድ ፋብሪካ የሠራተኞች ምግብ ቤት ያበስሉ ነበር፤ ፋብሪካው ሰው ሲቀንስ እሳቸውም ከጭልፋቸው ጋር ተቀነሱ። ከጭልፋቸው ጋር ያልኩት ለቀልድ አይደለም። ጭልፋውን ይዘው ነው የወጡት። ማን እንደፈቀደላቸው ጠይቄ አላውቅም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም።

ትልቅ ሴት ነበሩ። ቁመታቸውም፣ ክንዳቸውም፣ ሳቃቸውም፣ አበላላቸውም ትልቅ። ምሳ ሁሉ ታድሎ ካለቀ በኋላ ድስት ግርጌ የቀረውን በሰፊ ሳህን አድርገው፣ እንጨት ክምሩ ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው ይበሉ ነበር። ያን ጊዜ የሚያናግራቸው ሰው አይወዱም። «ሲበላ የሚያወራ ሰው ሁለቱንም አያውቅበትም» ይሉናል።

የኩሽና ሥራ ለማያውቀው ሰው ማማሰል ይመስለዋል። መሸከም ነው። ውኃ መሸከም፣ እንጨት መሸከም፣ ድስት ማውረድ፣ ድስት ማጠብ፣ እንደገና መሸከም። ጭሱ ዓይን ያወጣል። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ መስኮት ብለው የተዉት ቀዳዳ ጭስ ከማስወጣት ይልቅ ነፋስ ማስገባት ይወዳል። ሌሎቻችን እንማረራለን፤ እሳቸው አይማረሩም። የማይማረር ሰው አጠገብ መሥራት ራሱ ያደክማል። አንዳንድ ቀን «ምናለ አንዴ እንኳን ወገቤን ቢሉ» እላለሁ በሆዴ።

ስለ እጃቸው ልናገር። እትዬ ሸዋዬ ለልጅ ሲያወጡ ጭልፋውን ሞልተው ሳህኑ ላይ ይገለብጡና፣ ልጁ ዞር ሊል ሲል «ና እስቲ» ብለው ይመልሱታል። ከዚያ ትንሽ ይጨምሩለታል። ለሁሉም እንዲሁ ነው። ገበያ ላይ ጣሳውን ሞልታ ከሰፈረችልህ በኋላ በእፍኟ የምትመርቅልህን ባለ እህል ታውቃለህ? እንደ እሷ ናቸው። ያልተመረቀ ምግብ ለእሳቸው ምግብ አይደለም። እኔ በሰልፉ መጨረሻ ያሉት እንዳይጎድልባቸው ብዬ ጠርዝ ለጠርዝ ሳወጣ በጎን ያዩኛል። «አንቺ ገነት፣ ጨው ነው እንዴ የምትሰፍሪው?» ይሉኛል። ደግሞ የሚገርመው በእሳቸው እጅ ጎድሎ አያውቅም። እንዴት እንደሚያብቃቁት አላውቅም፤ ምናልባት ሲያበስሉ ውኃውን ያውቁበታል።

ሚዛን ይጠላሉ ማለቴ ግን አይደለም። የእህል መኪና ሲመጣ ከባስኩላው አጠገብ የሚቆሙት እሳቸው ናቸው። ጆንያው ሲጫን ቁጥሩን አያዩም፤ የጫኙን እግር ነው የሚያዩት። «እግርህን አንሣ የኔ ልጅ፣ አንተን አንበላህም» ይሉታል። ሩዝ፣ ማካሮኒ፣ ቅንጬ፣ ምስር፣ ሁሉም በኪሎ ይገባል፣ ለአንድ ልጅ ይሄን ያህል ግራም ተብሎ በጥሬው ይወጣል። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። እሳት ከነካው በኋላ ግን ሌላ ነገር ነው። የበሰለ ምግብ መመዘን ለእሳቸው ነውር ነበር። በረከቱ ይነሣል ባይ ናቸው። «ጥሬው በሚዛን፣ ብስሉ በእጅ» ይሉ ነበር፤ ይህችን ከአፋቸው ያልሰማሁበት ሳምንት የለም። አንድ ጊዜ ከላይ የመጣ ተቆጣጣሪ የአንድ ልጅ ሳህን ይመዘንልኝ ሲል፣ «መጀመሪያ አንተ ብላ፣ ሳትራብ አይቀርም» ብለው አስቀምጠው አበሉት። ከበላ በኋላ ሚዛኑን አላነሣውም። እውነት ለመናገር እኛም የበሰለ ምግብ በግራም ሲቆጠር ሰምተን አናውቅም። በኩሽናችን ግራም ማለት ጥሬ ማለት ነው።

ቃልኪዳን የመጣችው ያን ጊዜ ነው። ሁለተኛ ክፍል የገባች፣ ቀጭን፣ ዓይኗ ብቻ የሚታይ ልጅ። እናቷ ወይንሸት ማረሚያ ቤት አጠገብ፣ የእስረኛ ጠያቂዎች በሚያርፉበት ሻይና ዳቦ ትሸጣለች። ትምህርት በተከፈተ ሰሞን አንድ ጠዋት ልጇን በእጇ ይዛ ኩሽና በር ላይ ቆመች።

«እማማ፣ ይቺ ልጄ ስኳር አለባት» አለቻቸው እትዬ ሸዋዬን።

ተያየን። እኔ ስኳር ወፍራም ሹማምንት የሚይዛቸው በሽታ ይመስለኝ ነበር።

«ጠዋት እኔ መርፌ እወጋታለሁ። መርፌው ከምትበላው ጋር የተመጣጠነ ነው። ስለዚህ ምሳዋ ዛሬ በዝቶ ነገ ማነስ የለበትም። ሩዝ ሲሆን መቶ ሃምሳ ግራም ነው ያሉኝ ሐኪም ቤት። መቶ ሃምሳ። ለሌላውም እነግርዎታለሁ። አደራዎን።»

«አደራሽን በልቼ የት እገባለሁ? ሂጂ፣ ልጅሽ ልጄ ናት» አሏት። ወይንሸት ታክሲ እንዳያመልጣት እየሮጠች ሄደች። ጠያቂ የሚበዛበት ቀን ነበር።

ሌላ ሴት ብትሆን በዓይኗ ገምታ ትሰጣለች። እትዬ ሸዋዬ አልገመቱም። በዚያው ቀን ገበያ ወርደው፣ ባለ ቅመሙ ከድር ዘንድ ባለ ቁጥሯ ትንሽ ሚዛን ላይ መቶ ሃምሳ ግራም ሩዝ አስመዘኑ፤ ጥሬ ሩዝ። በፌስታል ቋጥረው አመጡትና በትንሽ ድስት ለብቻው ቀቀሉት። ከዚያ ሰማያዊ የፕላስቲክ ኩባያቸውን አምጥተው ሰፈሩት። ሁለት ኩባያ ሞልቶ ተረፈ። «ይኸው፣ ሁለት ኩባያ ከምራቂ ጋር። ሐኪሙም እንደኔ ምርቃት ያውቃል» ብለው ሳቁ። ደስ አላቸው። እኛም ጎበዝ አልናቸው።

ከዚያ ወዲያ ሩዝ በሚበላበት ቀን ቃልኪዳን ከሰልፍ ትወጣና ኩሽና በር ላይ ትቀመጣለች። ሁለት ኩባያ ከነአናቱ ይደረግላታል። ትንሽ ሆድ ነው ያላት፤ መሐል ላይ ይደክማታል። እትዬ ሸዋዬ ከላይዋ ቆመው «ጨርሺ የኔ እናት፣ ይሄ ምግብ አይደለም መድኃኒት ነው» ይሏታል። ትጨርሳለች። የታዘዘችውን የምትፈጽም ልጅ ነበረች፤ ያ ነው የጎዳት።

ልጅቷ ግን ከቀን ወደ ቀን ከሳች። ከሰዓት በኋላ ቧንቧው ጋር ተጎንብሳ ውኃ ስትጠጣ አያታለሁ፤ ወዲያው ወደ ሽንት ቤት ትሮጣለች። መምህሯ ክፍል ውስጥ ትተኛብኛለች አለች። አንድ ጠዋት ዓይኗ አብጦ መጣች። እትዬ ሸዋዬ ጎትተው ጭናቸው ላይ አስቀመጧት።

«ማን ነካሽ?»

«እማዬ መታችኝ። ማታ ጣቴን ወግታ ስታየው ስኳሬ ከፍ ብሏል። ከረሜላ በልተሻል አለችኝ። እኔ አልበላሁም።»

«በልተሽ እንደሆነ ንገሪኝ፣ እኔ አልመታሽም።»

«አልበላሁም እማማ።»

እትዬ ሸዋዬ አመኗት። በር ላይ ከረሜላ የምትሸጠውን ሴትዮ ሄደው ተቆጧት፤ ሴትዮዋ ግን ምንም አልሸጠችላትም ነበር። ወይንሸትንም ሲያገኟት የሚሏትን እያዘጋጁ ነበር። «ሕፃን በበሽታው ላይ ይመታል? ትምጣ ብቻ» ይላሉ ሽንኩርት እየከተፉ።

መጣች። ምሳ ሰዓት ላይ ሳይታሰብ መጣች፤ ማን ጣፋጭ እንደሚሰጣት በዓይኔ ልይ ብላ። የሩዝ ቀን ነበር። ቃልኪዳን በር ላይ ተቀምጣለች፤ ሳህኗ ተራራ ሆኗል። ወይንሸት ሳህኑን አየች፣ ልጇን አየች፣ ከዚያ እትዬ ሸዋዬን።

«ይሄ ሁሉ የእሷ ነው?»

«የእሷ ነው። መቶ ሃምሳ ግራም አላልሽም? በሚዛን ያስለካሁት ነው።»

«የምን ሚዛን?»

«ጥሬውን ነዋ። መቶ ሃምሳ አስመዝኜ ቀቅዬ አየሁት፣ ይሄን ነው የሚሆነው።»

ወይንሸት ሳህኑን ከልጇ እጅ ወሰደችው። ድምጿ አልጮኸም። «የበሰለውን እኮ ነው ያልኩት። ብስሉን መቶ ሃምሳ። ሲበስል እኮ ሦስት እጥፍ ይሆናል።»

«ብስል ብትይኝ ምን ነበር?»

«ጥሬ ሩዝ የሚበላ ሰው አለ እንዴ እማማ?»

ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ ብሆንም ጥሬውን ነበር የማስመዝነው። ወይንሸት ልጇን ብድግ አድርጋ አቀፈቻት፣ የመታቻትን ጉንጭ እየደባበሰች አለቀሰች። እትዬ ሸዋዬ እንጨቱ ላይ ተቀመጡ። ያን ቀን የቀረውን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እሳቸው ጭልፋ አልነኩም። ማምሻውን ድስት ስናጥብ «ልጅቷ በእኔ እጅ ነው የተመታችው» አሉኝ። «ተዉት እትዬ፣ ማን ያውቃል?» አልኳቸው። ደክሞኝ ነበር።

ወይንሸት ስትሄድ «ይቺን ታህል» ብላ በእጇ አሳይታቸው ነበር። እጅ ግን መቼ ልክ ይይዛል? ማስመዘን ነበረባቸው። ብስል ምግብ ይዞ ሚዛን ፊት መቆም ግን አልሆነላቸውም። በዚያ ላይ ፈርተዋል። በሚቀጥለው የሩዝ ቀን ኩባያው ውስጥ ጥቂት አደረጉና አዩት፤ እንደገና ቀነሱ፤ ደግሞ ቀነሱ። ግማሽ ኩባያ እንኳን አልሞላም። ሲመርቁ የኖሩ ሴትዮ ሲቆነጥሩ ማየት ለእኔም አዲስ ነገር ነበር። «ይሄ ምንም አያደርጋትም» አሉ።

ምሳ ካለፈ በኋላ መምህሯ ቃልኪዳንን ታቅፋ ኩሽና ገባች። ልጅቷ በላብ ተጠምቃለች፤ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ የምትለው አይሰማም። እናቷ ጋ ደወልን። «ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ አጠጧት፣ አሁኑኑ» አለች ወይንሸት፤ እየሮጠች እንደሆነ ከትንፋሿ ያስታውቃል። እትዬ ሸዋዬ የስኳሩን ጣሳ ይዘው ደነገጡ። «ለስኳር በሽተኛ ስኳር? ገነት፣ አልሰጥም፣ እጄ አይሰጥም» አሉኝ። ጣሳውን ነጥቄ እኔ በጠበጥኩት። በትንሽ በትንሹ ጠጣች። ቆይቶ ዓይኗ ተመለሰ፤ ሰው ለየች።

ወይንሸት ስትደርስ አልተቆጣችም። ከመጣችበት መንገድ ይልቅ ፍርሃቱ አድክሟት እትዬ ሸዋዬ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። «እማማ፣ ሲበዛ ቀስ ብሎ ነው የሚጎዳት» አለቻቸው። «ሲያንስ ግን ዛሬውኑ ልትሞትብኝ ትችላለች። ማዘንም መፍራትም አልፈልግም፤ ልኩን ብቻ።»

በማግስቱ ሩዝ ቀቅለው ሳህን ከድነው «ተነሺ እንሂድ» አሉኝ። ከድር ሱቅ ስንደርስ ገበያተኛ ሞልቷል። ሳህኑን ከፍተው ሲያሳዩት ሳቀ።

«እትዬ፣ ይሄ የበርበሬ ሚዛን ነው። ሩዝዎት ያስነጥሳል።»

«ፌስታል አንጥፍበት።»

«የተቀቀለ ነገር መዝኜ አላውቅም። ነውር አይደለም እንዴ?»

«ነው» አሉት እትዬ ሸዋዬ። «ነውሩ የእኔ ነው፣ አንተ መዝን።»

ሰው ሁሉ ያያል። መጀመሪያ ባዶውን ኩባያ አስቀመጠና ቁጥሩን ወደ ዜሮ መለሰው። ከዚያ እሳቸው በማንኪያ ጨመሩ። ደረሰ ሲላቸው ኩባያውን አነሡ። ሩዙ ከአፉ ዝቅ ብሎ ነው የቆመው። እንደገና አፈሰሱና ትንሽ ጠቅጠቅ አድርገው ሞሉት፤ እዚያው መስመር ላይ ሆኖ ሚዛኑ ግን ከፍ አለ። «አየሽ፣ ከተጫንሽው ይዋሻል» አሉኝ። «አለመጫን፣ አለመነቅነቅ።» ነጋዴው ሰልችቶት «በቃ እትዬ?» ይላል፤ እሳቸው አልበቃቸውም። በሌላ ቀን ማካሮኒ ይዘው ሄዱ። በሌላ ቀን ቅንጬ። ለየአንዳንዱ ሐኪም ቤት የሰጣትን ግራም ወይንሸት ነግራቸዋለች። ማካሮኒ ሆዱ ባዶ ስለሆነ ኩባያ ይሞላል እንጂ አይከብድም፤ ቅንጬ ደግሞ ቁጭ ይላል፣ ትንሹ ይከብዳል። ለእያንዳንዱ ሚስማር በእሳት አግለው ኩባያው ላይ መስመር አቃጠሉበት። የሩዙ አንድ ጭረት፣ የማካሮኒው ሁለት፣ የቅንጬው ሦስት። ማንበብ የማትችለዋ ረዳታችን ጫልቱ እንኳን ሳትጠይቅ ታውቀዋለች።

ከዚያ በኋላ የልጅቷ ስኳር ልክ ገባ። ወፈር አለች። መሮጥ ጀመረች። እኛም ነገሩ አለቀ አልን።

አላለቀም። ለሌላው ልጅ ሁሉ ጭልፋ ተሞልቶ ከነምራቂው ይወርዳል፤ ለእሷ ኩባያ ይወጣል፣ ማንኪያ ይወጣል፣ መስመሩ በዓይን ይታያል፣ የተረፈችው ፍሬ እንኳን ተመልሳ ድስት ትገባለች። አንድ ቀን በልታ ጨርሳ ሳህኗን ይዛ አልሄድ አለች።

«እማማ ሸዋዬ፣ ለምንድን ነው የሚጠሉኝ?»

እትዬ ሸዋዬ ጭልፋው በእጃቸው ቀረ። ስለ በሽታዋ አስረድተዋት ያውቃሉ፤ እናቷም አስረድታታለች። ሕፃን ናት፤ የምታየው ሳህን ነው።

«ማን ጠላሽ?» አሏት።

«ለሁሉም ይጨምራሉ። ለእኔ ብቻ ይቀንሳሉ።»

እኔ «በሽታሽ ነው እኮ የኔ ቆንጆ» ልል አፌን ስከፍት እሳቸው ቀደሙኝ።

«እኔም እንዳንቺው ነኝ» አሏት። «ስኳር አለብኝ። ሐኪሙ በኩባያ ብዪ ብሎኛል። አፍሬ ነው ያልነገርኩሽ።»

ልጅቷ ትክ ብላ አየቻቸው። «እውነት?»

«ነገ አብረን እንበላለን፣ ታያለሽ።»

ልጅቷ ስትሄድ ተቆጣኋቸው። የማይገባኝን ነገር ስሰማ እቆጣለሁ፤ አመሌ ነው። «በራስዎ ላይ በሽታ ይጠራሉ? ነገ ሌላ ነገር ሲበሉ ብታይዎትስ?» አልኳቸው። «አታየኝም» አሉኝ። «ብቻዋን ስትለካ ቅጣት ነው የሚመስላት። ሁለት ስንሆን ወግ ይሆናል። አንቺ ብቻ እንዳትነግሪያት።» አልነግራትም አልኩ። ሁለት ሳምንት የማይቆይ መስሎኝ ነበር።

ልጅቷ ስምንተኛን እስክትጨርስ ቆየ። እትዬ ሸዋዬ በሩ ላይ ከቃልኪዳን ጎን ዱካ ላይ ይቀመጣሉ፤ በዚያው ኩባያ፣ በዚያው መስመር ተሰፍሮላቸው ይበላሉ። የሰባት ዓመት ልጅ ልክ የእሳቸው ክንድ የሚያክል ሴት ያጠግባል? ልጅቷ ስታድግ መስመሩም ከሐኪም ቤት በመጣው ግራም ከፍ ይላል፣ እንደገና ከድር፣ እንደገና ሚስማር፤ የእሳቸውም አብሮ ከፍ ይላል እንጂ ከእሷ አይበልጥም። ድስት ግርጌ የቀረውን በሰፊ ሳህን መብላት ቀረ፤ ቃልኪዳን በድንገት ብትገባስ? ከሰዓት በኋላ ጎንበስ ብለን ድስት ስንፈትግ ሆዳቸው ሲጮህ እሰማለሁ። «ቤት ስገባ እበላለሁ» ይላሉ። ቤታቸው ብቻቸውን ናቸው፤ ደክሟቸው ሲገቡ ምን እንደሚበሉ እግዜር ይወቅ። ልብሳቸው ሰፋቸው።

ወሬው ትምህርት ቤቱን ሞላው። መምህራን በበዓል ዳቦ ሲያመጡ «ለሸዋዬ አትስጧቸው፣ ስኳር አለባቸው» ይባላል፤ እሳቸውም ዓይናቸው ዳቦው ላይ እያለ «አዎ፣ ይቅርብኝ» ይላሉ። አንዲት ጎረቤታቸው ለስኳር ጥሩ ነው ብላ የሽፈራው ቅጠል አፍልታ ጠዋት ጠዋት አመጣችላቸው። መራራ ነው። ጠጡት። ለቀልድ «ውሸት እንዲህ ይመራል?» ስላቸው «የጀመርኩት ነገር ነው» ብለው አፋቸውን ጠረጉ። አንዳንዴ እናደድባቸው ነበር። እኔ ለአንድ ልጅ ይህን ያህል አቅም የለኝም፤ ሌላ ሰው እንዲህ አቅም ሲያገኝ ማየት ደግሞ ያበሽቃል።

ቃልኪዳን ሁለተኛ ደረጃ ገብታ ከእኛ ራቀች። እትዬ ሸዋዬም ብዙ አልቆዩም። ሳላቸው በረታ፤ ደረጃ መውጣት አቃታቸው፤ ከሥራ ቀሩ። ሐኪም ሳንባቸው በጭስ ተጎድቷል አላቸው። ስጠይቃቸው ኦክስጅን አፍንጫቸው ላይ ተሰክቶ «አንቺ፣ ያንን መስኮት አስፉት» አሉኝ። መስኮቱ ገና እንደነበረ ነው። ሌላ ጊዜ ልጠይቃቸው እያልኩ፣ ሥራው፣ ታክሲው፣ አራተኛ ፎቅ የማይወጣው ውኃ፣ እንዲሁ ወፍጮ ቤት ሆኜ ሰማሁ።

ድንኳን ስገባ ዱቄት ከላዬ አልረገፈም ነበር። ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ጫልቱ ጎድጓዳ ሳህን እያዞረች ታወጣለች፤ የእትዬ ሸዋዬ ለቅሶ ነውና እጇን አልያዘችም። ከፊት ለፊቴ የደንብ ልብስ የለበሰች ረጅም ልጅ ሳህኗን ይዛ ትመለከታለች፤ አትበላም። ዓይኗን ሳይ አወቅኳት። ወይንሸት ከሴቶቹ ጋር ታለቅሳለች፤ ልጅቷ አታለቅስም። ተነሥታ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እትዬ ገነት፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂኝ።»

«የገደላቸው ስኳሩ ነው አይደል?»

ዝም አልኩ። ዝምታዬ አዎ መሰላት።

«እሳቸው እኮ በልኩ ነበር የሚበሉት» አለች። «እኔ ሁለተኛ ደረጃ ከገባሁ ወዲህ አንዳንዴ እደብቃለሁ፣ ዳቦ እገዛለሁ። እሳቸው አንድም ቀን አልዘለሉም። አብሬያቸው ስንት ዓመት በላሁ፤ አንዲት ማንኪያ ሲጨምሩ አላየሁም። እንደዚያ ተጠንቅቀው ከገደላቸው እኔንማ መቼም አይምረኝም። ታዲያ ለምን ብዬ ነው የምለካው? መርፌውንስ?»

ይህን ስትል ድምጿ ውስጥ ቁጣ እንኳን አልነበረም፤ ያበቃለት ሰው ድምፅ ነበር። አልነግራትም ብዬ ነበር። ሟች የተናገሩትን ማፍረስ ደስ አይልም። ግን ከሁለቱ የትኛው ይብሳል?

«ስኳር አልነበረባቸውም» አልኳት።

አልገባትም።

«አንድም ቀን አልነበረባቸውም። የገደላቸው የኩሽናው ጭስ ነው፣ ሳንባቸው። ደማቸው እንደ ማንም ሰው ደም ነበር።»

«እኔ ጋር ሲበሉ...»

«ለብቻሽ እንዳትለኪ ብለው ነው። ያን ቀን ለምን ጠሉኝ ብለሽ ጠየቅሻቸው አይደል? ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።»

ጫልቱ መጥታ አጠገባችን ቆመችና ሰው እያወራ መሆኑን አይታ አለፈች። ቃልኪዳን አቀረቀረች። ምን እንደምታስብ አላውቅም፤ በእነዚያ ዓመታት አብረው የበሏቸውን ምሳዎች ይመስለኛል። በመጨረሻ ቀና አለች።

«ይርባቸው ነበር?» አለችኝ።

ልዋሻት አሰብኩ፤ ግን ለአንድ ልጅ የሚዋሸው ሁሉ ተዋሽቶ አልቋል።

«አዎ» አልኳት። «በጣም ይርባቸው ነበር።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።